ስለ ተውሶ ስም

በጫግኒ የሚኖር አንድ ወጣት አለ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የማልጽፍበትን ምክንያት አንባቢ ወደ መጨረሻው ያገኘዋል። ይህ ወጣት ጊታር አሳምሮ ይመታል፤ ድምፁም ያማረ ነው፤ በአማርኛም በአዊኛም ይዘፍናል። ለዘመን መለወጫ በከተማችን የሙዚቃ ዝግጅት ሊደረግ ሲታሰብ፣ ዘፋኞቹን ለሕዝብ የማስተዋወቁ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶ ነበርና፣ አንድ ቀን ማታ ዝናብ እየመታው ወደ ቤቴ መጣ። ቡናውን ጠጥቶ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ መድረክ ላይ ሲጠሩኝ የጫግኒው ኤልቪስ ብለው ይጥሩኝ» አለኝ።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዓለማየሁ እሸቴስ የኢትዮጵያው ኤልቪስ ይባል የለም ወይ? እኔም እንደሱ ልሁን ብዬ ነው» ሲል መለሰልኝ።

እኔም አይሆንም አልሁት። እርሱም ተቀይሞ ወጣ። በማግሥቱ ጓደኞቹ፣ «ሽማግሌው ዘመናዊ ዘፈን አይወድም፤ የፈረንጅ ነገር ሁሉ ኃጢአት ይመስለዋል» እያሉ ያሙኝ እንደ ነበረ ሰማሁ። ሰው ሲያማኝ ብዙ አይከፋኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ለምጄዋለሁ። ነገር ግን ሐሜቱ ፍጹም ሐሰት ስለ ሆነ፣ ሐሰቱም እኔን ብቻ ሳይሆን ከእኔ እጅግ የሚበልጥ አንድ ሰው የሚነካ ስለ ሆነ፣ መልሱን በጽሑፍ ልሰጥ ፈለግሁ። እኔ የሮክ ኤንድ ሮል ጠላት አይደለሁም። ከወጣቱ ጋር ያጣላኝ ያንን ዘመንና ያንን ዘፈን መውደዴ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈንን በሸክላ ማስቀረጽ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አልነበረም። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ከ1908 ጀምሮ በርሊን በተቀመጡበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሀገር ፍቅር በ1935 ጠላት በደጅ ቆሞ ሳለ የሕዝቡን ልብ ለማነሣሣት የተቋቋመ፣ ለኢትዮጵያ ቴአትርና ዘፈን ብዙ ውለታ የዋለ ቤት ነው፤ ውለታውን የሚክድ ቢኖር እኔ አይደለሁም። ነገር ግን መብት ይዞ መቀመጥና በመብቱ መሥራት የተለያዩ ናቸው። 20 ዓመት ሙሉ አገሩ በዘፋኝ ሞልቶ ሳለ ገበያው የኢትዮጵያ ሸክላ እንደ ራበው ኖረ።

በዚያም ዘመን ዘፋኝ ማለት ይልቁንም የመንግሥት ሠራተኛ ማለት እንደ ነበረ ወጣቶች ልታውቁ ይገባችኋል። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሚነፋውም ሰው ደሞዝተኛ ነው። ዓለማየሁ እሸቴም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ዘፍኗል።

አሁን ወደ ሌላው እሸቴ ልምጣ። (የአባታቸው ስም ቢገጥምም ዓለማየሁና አምሃ ወንድማማቾች አይደሉም፤ ከተሰማ እሸቴ ጋርም ቢሆን ያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ሦስቱን ያንድ ቤት ልጆች ሲያደርጋቸው ሰምቻለሁ።) አምሃ እሸቴ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የአዲስ አበባ ወጣት ነበር። የሸክላ ሱቅ ከፍቶ የውጭ አገር ሸክላ ይሸጥ ነበር። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያስብ የነበረውን መገመት አያስቸግርም፤ የሰው አገር ዘፈን በመደርደሪያው ሞልቶ፣ ሌሊት በየጭፈራ ቤቱ ሕዝቡን የሚያብደው ያገሩ ዘፈን ግን አንድም የለም። እርሱም ትእዛዙን እያወቀ ሊተላለፈው ቈረጠ። በኋላ ዘመን ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ፣ ቢበዛ እታሰራለሁ እንጂ በዚህ የሚገድለኝ የለም ብዬ ነው የገባሁበት የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ሳቅ እያለ ይናገረው እንጂ፣ በዚያ ዘመን ለአንድ ወጣት ነጋዴ እስራት ቀላል ነገር እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

በ1969 ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር «ትማርኪያለሽ» የሚለውን ዘፈን ቀረጹ። ባገሩ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረምና ቅጂው ወደ ህንድ አገር ተላከ፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ ሆኖ ተመለሰ። የአምሃ ሬከርድስ የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። ሸክላው ደርሶ በሱቁ ድምፅ ማጉያ በተሰማ ቀን፣ አላፊ አግዳሚው ጎዳና ላይ ቆሞ እየጨፈረ መኪና እስኪቆም ድረስ መንገዱ ተዘግቶ እንደ ነበረ አምሃ ራሱ ተርኳል። አልታሰረም። ከርሱ በኋላ ሌሎችም ደፈሩ፤ ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስ ተከተሉ። አምሃ ብቻውን በ1975 ካገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን የሚያህሉ ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ መላው ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚለው የነዚያን 6 ዓመታት ፍሬ ነው።

እንግዲህ ወጣት ወዳጄ፣ ይህን ታሪክ ሰምተህ ስታበቃ ከሁሉ አስቀድሞ የምትለው ነገር «ኤልቪስን ይመስል ነበር» የሚል ነው?

መምሰሉንስ መቼ ካድሁ። ዓለማየሁ በተማሪነቱ ኤልቪስ ፕሪስሊን፣ ፓት ቡንን፣ ቢል ሄሊን ይዘፍን ነበር። ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ ያበጥር፣ የሸሚዙን ኮሌታ እንደርሱ ያቆም ነበር። ነገር ግን የራሱን ምስክርነት ስሙ። በስተርጅናው ለውጭ አገር ጋዜጠኛ ሲናገር፣ እንዳሜሪካዊ ለብሶ የኤልቪስን ዘፈን በእንግሊዝኛ ይዘፍን እንደ ነበረ አልደበቀም፤ ቀጥሎ ግን ዝናው የወጣው በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ ወዲህ እንደ ሆነ ተናገረ። ይህን የሚለው ጠላቱ ቢሆን ቅናት ነው እንል ነበር፤ የሚለው ግን እርሱ ራሱ ነው። ኤልቪስን ሲመስል ጎበዝ ተማሪ ነበር። ሕዝቡ ትልቅ ዘፋኝ ያደረገው ኤልቪስን መምሰሉን ትቶ ባፉ ቋንቋ በዘፈነ ጊዜ ነው። እናንተ ግን የተወውን መልሳችሁ መጠሪያ አደረጋችሁለት። አንድ ሰው በልጅነቱ በሌላ ሰው ቤት ተቀምጦ ተምሮ፣ በኋላ የራሱን ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዶ ከኖረ፣ ከሞተ በኋላ በዚያ ባሳደገው ሰው ስም መቃብሩ ላይ ይጻፍበታልን?

ይህን ስል በሌላ ወገን ያሉት ሽማግሎች ደስ እንዳይላቸው። እነርሱ ደግሞ፣ «ዱሮውንም የፈረንጅ ቅጂ ነው፤ ወጣቱን ያበላሸው ይኸው ነው» ይላሉ። አንድ ዕድሜ ጠገብ ወዳጄ በጫግኒ ገበያ ዳር ቆመን ይህንኑ ሲለኝ፣ «ያገር ልብስ ነው ብለህ የለበስኸው ኮት ከየት መጣ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ እንጂ አልተናገረም። ትራምፔት ያገራችን ዕቃ ነው? በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፉት የናስ መሣሪያ ከየት መጣ? በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኮፍያችንን አውልቀን ቆመን የዘመርነውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን የደረሰው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን አልነበረምን? ማንም ሰው ስለዚህ መዝሙሩን የአርመን ቅጂ ብሎት አያውቅም። መሣሪያው የመጣ ነው፤ የሚዞርበት ቅኝት ግን ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው፣ አንቺ ሆዬ ነው። ሽማግሎቹ ጊታሩን ዓይተው ቅኝቱን አልሰሙትም፤ ወጣቶቹም ጸጉሩን ዓይተው ቅኝቱን አልሰሙትም። ስለዚህ እርስ በርሳቸው የሚጣሉት ሁለቱ ወገኖች በኔ ዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ኢትዮጵያዊውን የሚለኩበት ክንድ የተውሶ ነው። አንደኛው በዚያ ክንድ ለክቶ ይሰድበዋል፤ ሌላው በዚያው ክንድ ለክቶ ያሞግሰዋል።

ደግሞስ ይህ ኤልቪስ ማነው? ከዓለማየሁ በላይ አስቀምጣችሁ ስትሰግዱለት ማንነቱን ጠይቃችኋልን? ኤልቪስ በ1956 ካወጣቸው ዘፈኖች ሁሉ የታወቀው «ሃውንድ ዶግ» ነው፤ አዳኝ ውሻ ማለት ነው። ሸክላው በሚሊዮን ተሸጠ። ነገር ግን ከርሱ በፊት ይህን ዘፈን በ1952 በሎስ አንጀለስ የቀረጸችው ዊሊ ሜይ ቶርንተን የምትባል፣ በቁመናዋ ግዝፈት «ቢግ ማማ» ያሏት ጥቁር ሴት ናት። ሸክላዋ በ1953 ወጥቶ በጥቁሮቹ ገበያ ሳምንታት ሙሉ አንደኛ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሽያጭ ለእርሷ የደረሳት 500 ዶላር ያህል ብቻ እንደ ነበረ ስትናገር ኖራለች። በ1984 በድህነት ሞተች። ኤልቪስ በ1954 ሥራውን የጀመረበት «ዛትስ ኦል ራይት» የተባለውም ዘፈን የጥቁሩ የአርተር ክሩዳፕ ነው፤ ክሩዳፕም ድርሻውን ሲሟገት ኖሮ ሳያገኝ በ1974 ዐረፈ።

እውነቱን ሳልሸፍን ልናገርና፣ «ሃውንድ ዶግ»ን ለቶርንተን የጻፉላት ሊበርና ስቶለር የሚባሉ ሁለት ነጭ ወጣቶች ነበሩ፤ ኤልቪስም የጥቁሮቹን ዘፋኞች ውለታ የሚክድ ሰው አልነበረም። መዋዋስ በሙዚቃ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ዱሮም ነበረ፣ ወደፊትም ይኖራል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ከጥቁር ሕዝብ ወጥቶ በኤልቪስ አፍ የከበረው ዘፈን፣ ዞሮ ዞሮ ወደ አፍሪካ በደረሰ ጊዜ፣ አፍሪካዊውን «የእኛው ኤልቪስ» ብሎ መጥራት ነገሩን ገልብጦ መያዝ ነው። ለባለ እህሉ የራሱን እህል አበድረንሃል ብሎ ወለድ እንደ መጠየቅ ያለ ነው። ቢግ ማማን «የጥቁሮቹ ኤልቪስ» ብላችሁ ብትጠሯት ምን ትላችሁ ይሆን?

«ኧረ ጋሼ፣ ፈረንጆች ናቸው እንዲህ ያሉት፤ ለማስተዋወቅ እኮ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የቀድሞ ሸክላዎቻችንን ሰብስቦ በሲዲ ሲያወጣ፣ 9ኛውን ለዓለማየሁ ሰጥቶታል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ እኛ በየጓዳው አቧራ ያለበስነውን እርሱ አራግፎ ለዓለም አሳየው። የፓሪስና የሎንዶን ጋዜጣ አንባቢ ዓለማየሁን አያውቅምና፣ ጸሐፊው በሚያውቀው ሰው መስሎ ቢነግረው አይፈረድበትም። እንግዳ ሰው ጤፍን «እንደ ስንዴ ያለ» ብሎ ላገሩ ሰው ሊገልጸው ይችላል። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ ጎተራውን ከፍቶ «ይህ የእኛው ስንዴ ነው» እያለ ጤፉን ቢያሳየን፣ ምን ነካው አንልምን? ለእንግዳ የተነገረውን ቃል ባለቤቱ ለራሱ ከተጠቀመበት ነገሩ ተበላሸ።

እኛ በአዊ ምድር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልናውቀው ይገባን ነበር። ፈረስ የምናከብር ነን። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰለፉ ያላየ ወጣት ጫግኒ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በቀድሞው ዘመን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። ምኒልክ ቴዎድሮስን እንደ አባት ይወዱ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን «የሸዋው አባ ታጠቅ» በሉኝ አላሉም። የሰው ፈረስ ላይ ወጥቶ መፎከር ነውር ነበርና ነው።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። አንድ የተውሶ ስም ከተሰጠ በኋላ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። ኤልቪስ አንድ ሰው ነውና «የኛው ኤልቪስ» ሲባልም አንድ ሰው ብቻ ይታያል። ከብዙዎቹ የዓለማየሁ ዘፈኖች ጀርባ ግን ግርማ በየነ አለ፤ ፒያኖ ተጫዋች፣ ራሱም ዘፋኝ፣ ይልቁንም የየመሣሪያውን ድርሻ አደላድሎ የሚያቀናብር ሰው። ከዓለማየሁ ጋር «ዓለም ግርማ» የተባለ ባንድ እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ግርማ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ያን ያህል ዘፈን ያቀናበረ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ እየሠራ ብዙ ዘመን ኖረ። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባሉ ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች ጋር 30ኛውን የኢትዮፒክስ ሲዲ አወጣ። ከጫግኒ ወጣቶች መካከል ስሙን የሰማ ስንት ነው? እኔ 7ቱን ጠይቄ አንድ እንኳ አላገኘሁም። ኤልቪስን ግን 7ቱም ያውቁታል፤ ኤልቪስ የሞተው በ1977 ነው፤ የእነዚህ ልጆች አባቶች እንኳ ገና ሕፃናት ሳሉ መሆኑ ነው።

ይህ ለምን ሆነ ብዬ ወደ አንድ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። እዚያ ዘፈን በሚሞሪ ይጫናል። የዱሮ ዘፈን ጫንልኝ አልሁት። ልጁ ቅን ልጅ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 200 የሚያህል ጫነልኝ። ወደ ቤቴ ሄጄ ስከፍተው «ምርጥ የዱሮ 14»፣ «ምርጥ የዱሮ 15» እያለ ይሄዳል። የዘፋኙ ስም የለም፤ የደራሲው የለም፤ የአቀናባሪው የለም፤ ያሳተመው ሰውማ ከነጭራሹ አይታሰብም። 32ኛውን ስከፍት ዓለማየሁ ነው። ሰውየው እስራት አደጋ ላይ ሆኖ ያሳተመው፣ ሌላው ደሙን አፍልቶ የዘፈነው ሥራ ቁጥር ሆኖ ቀረ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ወጥቷል፤ ከዚያም በፊት በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። አዋጁ ግን ጫግኒ ድረስ በሚሞሪ አልተጫነም። አንዲት የዱሮ ሸክላ ብትይዙ፣ መካከልዋ ላይ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት የዘፈኑ ርእስና የዘፋኙ ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ። ዳቦ የምታህለው ሸክላ የያዘችውን ስም፣ 200 ዘፈን የሚሸከመው ጥፍር የሚያህል ሚሞሪ ጣለው። ስሙ ሲወድቅ ነው የተውሶው ስም ገብቶ የሚቀመጥበት።

አምሃ እሸቴ በ2021 በሚያዝያ ወር መጨረሻ ዐረፈ። ዓለማየሁም በዚያው ዓመት መስከረም በገባ በ2ኛው ቀን ተከተለው። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ሁለቱም ሄዱ። የዓለማየሁ ሞት በተሰማ ዕለት የውጭ ጋዜጦች ርእሳቸው ያው ኤልቪስ ነበረ። እነርሱስ ይሁን፤ እኔ ግን እዚሁ ከተማችን ቡና ቤት ተቀምጬ አንድ የኛው ሰው፣ «የኛ ኤልቪስ ሞተ» ብሎ ለጓደኛው ሲነግር፣ ጓደኛውም «ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ነጋሪው ጥቂት አስቦ «ጠፋኝ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ከተጣላን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት በእናቱ በኩል መልእክት ልኬበት መጣ። ዘፈኖቹን ዘፍንልኝ አልሁት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አንድ ዘፈነ፤ ደኅና ነው። ቀጥሎ አንድ በአዊኛ የራሱን ዘፈነ፤ ቃሉን ሁሉ ባላውቀውም፣ ባለቤቴ የምታጥበውን ሰሃን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ማን ደረሰልህ ብዬ ብጠይቀው «እኔ ነኝ» አለኝ፤ ዜማው ግን አያቱ ከብት ሲያግድ ያዜመው ከነበረው የተወሰደ ነው። የአያትህን ስም ንገረኝና አብሬ ልጥራው ብለው ደነገጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል ወይ እንደ ማለት ዓየኝ።

አሁን በጠረጴዛዬ ላይ የዝግጅቱ ወረቀት አለ። የሌሎቹ ዘፋኞች ስም ተጽፏል። የርሱን ቦታ በእርሳስ አስምሬ ባዶ ትቼዋለሁ፤ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ከሥሩም የአያቱ። ዓርብ ከገበያ መልስ መጥቼ እነግርዎታለሁ ብሎኛል። እዚህ ላይም ስሙን ያልጻፍሁት ስለዚህ ነው፤ ገና አልነገረኝም።